ሰርገኛ መጣ

ዕድሜህን ድርሰት ስታስተምር ኖረህ ጄት ውስጥ ምን ዶለህ እንዳትሉኝ። ተማሪዎቼን “ዋናውን ገጸ ባሕርይ ብቻ አትከተሉ፤ መቼቱንም ጠይቁት” እያልኩ እጨቀጭቃቸው ነበር። ከመርከብ ላይ ይነሡ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ተዋጊ ጄቶች ታሪክም የሚፈታው በመቼቱ ነው፤ በመርከቡ ጀርባ።

እ.ኤ.አ. በ1943 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጄት ፈለገ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ትእዛዝ ተወጥረው ስለነበር ሥራው ከተቋቋመ ገና አራት ዓመት ለሆነው ለማክዶኔል ኩባንያ ተሰጠ። ሞተሩን የሚሠራው ዌስቲንግሃውስ ነበር። “ፋንተም” የተባለው ይህ ጄት ሁለት ሞተር ያስፈልገው ነበር፤ በጃንዋሪ 1945 የተገኘው ግን አንድ ብቻ ሆነ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በአንዱ አበረሩት!

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ቀን እንግሊዛዊው ኤሪክ ብራውን “ቫምፓየር” የተባለውን ጄት “ኦሽን” በተባለችው መርከብ ላይ አሳረፈ። ጁላይ 21 ቀን 1946 ደግሞ ፋንተም ከ“ፍራንክሊን ሩዝቬልት” ላይ ተነሣ፤ ተመልሶም አረፈ። ጋዜጦች ታሪኩን እዚህ ላይ በጭብጨባ ቢዘጉት አይፈረድባቸውም።

ጣጣው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነዳጅ ሲጨምሩለት ወዲያው ይጎትታል። የያኔው ጄት ግን ኃይሉን እስኪሰበስብ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ፍጥነቱም ከቀደምቶቹ ይበልጣል፤ ነዳጅ ስለሚጨርስም ሰማይ ላይ እየዞረ ተራ መጠበቅ አይሆንለትም። ማረፊያው ደግሞ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር። የአውሮፕላኑ መንጠቆ ወለሉ ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን ካልያዘ፣ ከፊት ለፊት የቆሙ አውሮፕላኖች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሰዎች። ከእነሱ የሚለየው መከላከያ አጥር ብቻ ነው። አብራሪው “ስቻለሁ፣ ልመለስ” ቢል እንኳ ጊዜም ቦታም የለውም።

መፍትሔው የመጣው ከአውሮፕላን ሠሪዎች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1951 ዴኒስ ካምቤል የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ማረፊያውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ሰያፍ እናድርገው አለ። በቃ፣ ይኸው ነው! ገመዱን የሳተ አብራሪ ከፊቱ ባሕር እንጂ ሰው የለም፤ ሞተሩን እንደከፈተ ይነሣና ዞሮ ይመለሳል። አሜሪካኖቹ ይህን “አንቲተም” በተባለችው መርከባቸው ላይ ገንብተው በ1953 ሞከሩት። ጄቱ መርከብ ላይ ካረፈ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼ አይደል?

ፋንተም የሙከራዎቹን ጨምሮ 62 ብቻ ተሠርቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌሎች ተተካ። ሰያፉ ማረፊያ ግን ዛሬም በትልልቆቹ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ላይ አለ። የፋንተምን ስም የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የካምቤልን የሚያነሣ ግን ጥቂት። እኔ ግን አዲስ ነገር መጣ ተብሎ ሪባን ሲቆረጥ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። መጣ፣ እሰየው፤ ማረፊያውስ ተሰናድቷል?