ስማርት ቴርሞስታት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ሽቦው፣ ስለ ዋጋው እና ቀን ቀን እቤት ስለምትውለው እናት

ብርዱ ሲገባ በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። «ስማርት ቴርሞስታት ልግዛ ወይ? የትኛውን? ራሴ መግጠምስ እችላለሁ?» በብዛት የምትጠይቁን ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ሲያትል እና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጽፈን እናስቀምጠው ብለናል። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

ከመሠረቱ እንነሳ። ቴርሞስታት ቤት የሚያሞቅ ማሽን አይደለም። የሚያሞቀው ቤዝመንት ውስጥ ወይም ከአንዱ በር ጀርባ ያለው ፈርነስ፣ ቦይለር ወይም ሂት ፓምፕ ነው። ቴርሞስታቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ ሙቀት እየለካ «ተነሳ»፣ «በቃ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስለዚህ ከውጭ በርዷችሁ ስትገቡ 85 ላይ ብታደርጉት ቤቱ ቶሎ አይሞቅም። አብዛኛው ፈርነስ 70 ብትሉትም 85 ብትሉትም የሚነደው በአንድ ኃይል ነው። ልዩነቱ 85 ያላችሁት ሳያቆም ይቀጥላል፣ እናንተ ደግሞ ረስታችሁት ትተኛላችሁ። ቢሉ ሲመጣ ትነቃላችሁ።

ስማርት የሚባለው ይህንኑ ሥራ በዋይፋይ ይሠራል። በስልክ ይታዘዛል፣ በሰዓት ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩንም ለማወቅ ይሞክራል።

ምን ያህል ያድናል? የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለ8 ሰዓት ሙቀቱን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ማድረግ በዓመት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ከሚወጣው ወጪ እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ደግሞ የስማርት ቴርሞስታትን ቁጠባ በአማካይ 8 ከመቶ፣ በገንዘብ በዓመት 50 ዶላር አካባቢ ያደርገዋል። ልብ በሉ፣ ቁጠባው የሚመጣው ቤቱ ባዶ ሲሆን ወይም ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ዝቅ ስለሚል ነው። የብዙዎቻችን ቤት መቼ ባዶ ይሆንና? ባል ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል፣ ሚስት ጠዋት ትወጣለች፣ ልጅ ልታሳድግ ከአገር ቤት የመጣች እናት ቀኑን ሙሉ እቤት ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ 8 ከመቶ አትጠብቁ። በግድግዳችሁ ላይ ያለው አሮጌ ቴርሞስታት ፕሮግራም የሚቀበል ከሆነም መጀመሪያ እሱን በደንብ ተጠቀሙበት። ምንም ሳትገዙ ከቁጠባው ብዙውን ታገኛላችሁ።

አሁን ስለ እናት እንነጋገር፤ ሻጩም ሳጥኑም የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነውና። ብዙዎቹ ስማርት ቴርሞስታቶች «ቤት ውስጥ ሰው የለም» የሚሉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የስልካችሁ ቦታ ነው፤ አፑ የተጫነባቸው ስልኮች ከቤት ከራቁ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ውስጥ ያለ፣ ማለትም ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ የተሰቀለ። እንግዲህ አስቡት። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ወጥተዋል፣ ስልካቸውም አብሯቸው ወጥቷል። እናት አፑ የላትም። ሕፃኑን አስተኝታ ኋላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላለች። ለቴርሞስታቱ ይህ ቤት ባዶ ነው። እናንተም ስትገጥሙት «ሰው ከሌለ 60 አድርግ» ብላችሁታል። እሷ ጋቢዋን ደርባ «የዚህ አገር ብርድ» እያለች ትውላለች፣ ደውላ አትነግራችሁም፣ ላስቸግራቸው አልፈልግም ትላለች።

ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእርጅና ላይ ጥናት የሚያደርገው የአሜሪካ ብሔራዊ ተቋም፣ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ያለ የቤት ውስጥ ቅዝቃዜ እንኳ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሰውነት ሙቀት ለአደጋ ሊያወርድ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ቢያንስ 68 ይሁን ይላል። ስለዚህ አረጋዊ ወይም ሕፃን የሚውልበት ቤት ከሆነ በስልክ ቦታ የሚሠራውን ነገር አጥፉት። በሰዓት ፕሮግራም ብቻ ሂዱ፣ የቀኑንም ከ68 አታውርዱት። ቴርሞስታቱን በሚስጥር ቁጥር የምትቆልፉም አላችሁ፤ ለልጆች ይሁን፣ እናትን ግን አትቆልፉባት። አንድ ትንሽ ነገርም እንጨምር፦ መሣሪያው ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ ይቀየራል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው 68 ምንም አይነግረውም፣ 20 ግን ይገባዋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ወደ ሽቦው። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የአሮጌውን ክዳን ሳብ አድርጋችሁ አውጡትና ከጀርባው እዩ። በፕላስቲክ ቆብ የተያያዙ ሁለት ወይም አራት ወፋፍራም ሽቦዎች ካያችሁ፣ ወይም 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ፣ እዚያው አቁሙ። ይሄ በግድግዳው ግርጌ ለሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሂተር የሚሆን ነው፤ ኔስትም ኢኮቢም ለዚህ አይሆኑም፣ በቀጥታ ብታገናኟቸው ይቃጠላሉ፣ እናንተንም ይጎዳሉ። ለዚህ ዓይነት ቤት ሚሳ እና ሲኖፔ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ቴርሞስታቶች አሉ፤ ሥራውንም ለኤሌክትሪሺያን ስጡት።

ቀጫጭን ባለ ቀለም ሽቦዎች ካሉ ግን 24 ቮልት ነው፣ እጃችሁ ይችለዋል። እያንዳንዱ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። «አር» ኃይል የሚያመጣው ነው። «ደብልዩ» ማሞቂያ፣ «ዋይ» ማቀዝቀዣ፣ «ጂ» ፋን። «ኦ» ወይም «ቢ» ካያችሁ ቤታችሁ ሂት ፓምፕ ነው የሚጠቀመው። የሽቦውን ቀለም አትመኑ፣ ፊደሉን ብቻ እመኑ፤ ከእናንተ በፊት የገጠመው ሰው እጁ ላይ የነበረውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ጥያቄ «ሲ» የሚባለው ሽቦ አለ ወይ ነው። አሮጌው ቴርሞስታት በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበርና ላያስፈልገው ይችላል። ስማርቱ ግን ስክሪንና ዋይፋይ ስላለው የማያቋርጥ ኃይል ይፈልጋል፣ ያንን የሚያሟላለት ሲ ነው። ከሌላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠቀሙበት አንድ ትርፍ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። እሱን እዚህ በኩል ሲ ላይ፣ ፈርነሱ ውስጥ ባለው ቦርድም ሲ ላይ ማሰር ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ አስሮ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ትርፍ ሽቦም ከጠፋ ኢኮቢም ኔስትም ለዚሁ የሚሆን አነስተኛ መሣሪያ አላቸው፣ ከሶኬት የሚሰካ የ24 ቮልት አስማሚም ይሸጣል። ኔስት ብዙ ቤት ላይ ያለ ሲ ይሠራል ይባላል፣ እውነት ነው፤ እኛ ግን ጥር ላይ ባትሪው አልቆ ቤት ከሚበርድ አንዴ ሲን መዘርጋት ይሻላል እንላለን።

ዋጋና ምርጫ ላይ ብዙ አንቆይም። የአማዞኑ 80 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሲ ሽቦ የግድ ይላል፣ ለተራ ቤት በቂ ነው። የኢኮቢ ፕሪሚየም 250፣ አራተኛው ትውልድ ኔስት ለርኒንግ 280 አካባቢ ይሸጣሉ፤ የታንክስጊቪንግ ሰሞን ይወርዳሉ። ሁለቱም ሌላ ክፍል የሚቀመጥ አንድ ሴንሰር ይዘው ይመጣሉ። ልዩነቱ የኔስቱ ሴንሰር ሙቀት ብቻ ይለካል፣ የኢኮቢው ሰው መኖሩንም ያያል። ኋላ ክፍል የምትውል እናት ወይም ቤዝመንት የሚያድር ተከራይ ካላችሁ ምርጫችን ኢኮቢ ነው። ላይኛው ፎቅ ሞቆ ቤዝመንት ለሚበርድበት ቤትም ሴንሰሩ ይረዳል፤ ግን ሴንሰር አየር ወደማይደርስበት ክፍል አየር አይወስድም፣ ያ የቱቦ ሥራ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ጉግል የመጀመሪያውን እና የሁለተኛውን ትውልድ ኔስት ለርኒንግ ድጋፍ ኦክቶበር 25 ቀን 2025 አቋርጧል። ግድግዳ ላይ በእጅ ይሠራሉ፣ በስልክ ግን አይታዘዙም። በርካሽ የሚሸጡላችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከአሮጌ ባለቤቱ አካውንት መውጣቱንም አረጋግጡ፤ ቤት ስትገዙም እንዲሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የመብራት ወይም የጋዝ ድርጅታችሁን ድረ ገጽ እዩ። ብዙዎቹ ከዋጋው ላይ ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ በነፃ ይሰጣሉ። ግን የምትፈርሙትን አንብቡ። አንዳንዱ ቅናሽ «የመብራት ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ቴርሞስታትህን እኛ እናስተካክላለን» ከሚል ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኦገስት 2022 በሞቃት ቀን በእንዲህ ያለ የኤክሴል ኢነርጂ ፕሮግራም የተመዘገቡ ወደ 22,000 የሚጠጉ ደንበኞች ለሰዓታት ቴርሞስታታቸውን መቀየር አልቻሉም ነበር። ፈቅደው የገቡበት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ማንበባቸውን እንጃ። ፕሮግራሙ ገንዘብ ያስገኛል፣ መጥፎ አይደለም፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ላለበት ቤት ግን ደግማችሁ አስቡ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፈርነሱን ብሬከር አጥፉ፣ ፈርነሱ አጠገብ ያለውን ማብሪያም እንዲሁ። ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጋችሁ ምንም እንደማይነሳ አረጋግጡ። ሽቦ ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አጥርታችሁ፣ ሁለት ሦስቴ። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ፊደሉን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ወረቀቱ አዲሱ ሳጥን ውስጥ አለ። ሽቦዎቹን ፈትታችሁ እርሳስ ላይ ጠቅልሏቸው፤ ግድግዳው ውስጥ ሾልከው ከገቡ ቀኑ ይበላሻል። አዲሱን መሠረት በብሎን እሰሩ፣ ውሃ ልኩን ተመልከቱ፣ የሽቦውን ጫፍ አቅንታችሁ በየፊደሉ ክተቱ፣ ሳብ ስታደርጉት አይውጣ። ፊቱን ግጠሙ፣ ብሬከሩን መልሱ፣ አፑ የሚላችሁን ተከተሉ። ሲያልቅ ሙቀቱን ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሞቃት አየር መምጣት አለበት። ሂት ፓምፕ ሆኖ «ሙቅ» ስትሉት ቀዝቃዛ ከነፋ የኦ እና ቢ ምርጫ ተገላብጧል፣ ቅንብሩ ውስጥ ቀይሩት።

ስክሪኑ ጭራሽ ካልበራ አትደንግጡ። የፈርነሱ ክዳን በደንብ መዘጋቱን እዩ፣ ክዳኑ ካልገጠመ ፈርነሱ ራሱን ያጠፋል። ቀጥሎ ቦርዱ ላይ ያለችውን የመኪና ዓይነት ትንሽ ፊውዝ እዩ፣ 3 ወይም 5 አምፔር። ብሬከር ሳያጠፉ ሲሠሩ አር እና ሲ ከተነካኩ የምትቃጠለው እሷ ናት፤ በጥቂት ዶላር ትተካለች። የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ምንም ሳትነኩ ከቤት ወጥታችሁ ደውሉ።

የቦታው ነገር፦ ፀሐይ የሚመታው፣ በር አጠገብ ያለ ወይም ኩሽና በር ላይ ያለ ግድግዳ አይሆንም። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ አጠገብ ያለ ቴርሞስታት ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል፤ መኝታ ቤት ያለው ሰው ይንቀጠቀጣል።

ሂት ፓምፕ ያላችሁ ሌሊት 10 ዲግሪ አታውርዱ። ጠዋት ለማካካስ ብዙ መብራት የሚበላው ረዳት ማሞቂያ ይነሳና የቆጠባችሁት ይበላል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበቃል።

ለገና እና ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ማሞቂያውን ጨርሳችሁ አታጥፉ። ከ55 ዲግሪ በታች ካወረዳችሁት ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ሊበርድና ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳው እናንተ ጎንደር እያላችሁ ነው። የውሃውን ዋና መዝጊያ ዝጉ፣ አፑ ሙቀት ሲወርድ መልእክት እንዲልክ አድርጉ፣ ቁልፍ ለጎረቤት ስጡ። መልእክቱ ብቻውን ቤት አይከፍትም።

ተከራይ ከሆናችሁ ባለቤቱን በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ አሮጌውን ከነብሎኑ አስቀምጡ፣ ስትወጡ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ ጀርመን ውስጥ እንደሚበዛው በራዲያተር የሚሞቅ ቤት ከሆነ የምትቀይሩት ራዲያተሩ ላይ ያለውን መዘውር ብቻ ነው፤ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። እንግሊዝ ያለው የቦይለር ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ 230 ቮልት ነውና ለባለሙያ ተዉት።

የፈታችሁት አሮጌ ቴርሞስታት ክብ፣ ከድሮ ቤት የወጣ ከሆነ ውስጡ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ እና የሚንከባለል ብርማ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ነው፣ መርዝ ነው። ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ለልጅ መጫወቻም አትስጡት። ሳትሰብሩ በላስቲክ አሽጋችሁ የካውንቲያችሁ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ውሰዱት።