ስለ ቡርኪት ዕጢ የተደረገው ምርምር አጭር ታሪክ

ካንሰር እንደ ኩፍኝ ወይም እንደ ፈንጣጣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የማይተላለፍ ደዌ በመሆኑ፣ ከተሐዋስያን ጋራ ግንኙነት ይኖረዋል ብለው ያሰቡ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ግን አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች በቫይረስ ምክንያት እንደሚነሡ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በደከመ ጊዜም አደጋው እጅግ እንደሚበረታ በግልጽ ታውቋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ ነው፤ ለምሳሌ የመረጥነውም በምሥራቅ አፍሪካ ሕፃናት ላይ የታየውን የቡርኪት ዕጢ ነው። ታሪኩ ሲነገር በለንደን ከተማ በማይክሮስኮፕ የታየው ቫይረስ ዋናውን ስፍራ ይይዛል። እኛ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል ስንመለከተው፣ ምስጢሩን የከፈተው «በሽተኛው የመጣው ከወዴት ነው?» የሚለው ተራ የሚመስል ጥያቄ መሆኑን፣ ማይክሮስኮፑም ያሳየው ነገር ትርጉም ያገኘው ወደዚሁ ጥያቄ ከተመለሱ በኋላ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የቆየ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1911 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ፔይተን ራውስ፣ ከአንዲት ዶሮ ላይ ዕጢ ወስደው ፈጩና ሴልና ባክቴሪያ በማያልፍበት ረቂቅ ማጣሪያ አጠለሉት። ፈሳሹንም በሌላ ዶሮ ሰውነት ውስጥ ባስገቡት ጊዜ ያው ዕጢ ወጣባት። ስለዚህ ዕጢውን ያስተላለፈው ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር፣ ማለት ቫይረስ ነበረ። ዳሩ ግን በዶሮ የታየው በሰው ላይ ይደርሳል ብሎ የተቀበለ ብዙ ሰው ስላልነበረ፣ ራውስ የኖቤልን ሽልማት ያገኙት ከ55 ዓመት በኋላ በ1966 ዓ.ም. ነው።

በሰው ላይ መንገዱ የተከፈተው በዩጋንዳ ነው። በአየርላንድ የተወለዱት ዴኒስ ቡርኪት ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያች አገር የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነው ያገለግሉ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በካምፓላ ከተማ በሙላጎ ሆስፒታል ዶክተር ሂዩ ትራውዌል አንድ ሕፃን እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። ልጁ የላይኛውም የታችኛውም መንጋጋው በግራና በቀኝ አብጦ፣ ጥርሶቹ ተነቃንቀው ነበር። ቡርኪት እንዲህ ያለ ነገር በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ለምን እንደ ወጣ ሊገባቸው አልቻለም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ወደ ጂንጃ ሆስፒታል በሄዱ ጊዜ ፊቷ በዚሁ ዓይነት ያበጠ አንዲት ልጅ አዩ፤ ሆዷንም ቢመረምሩ በውስጡ ዕጢ አገኙ። ይህን ካዩ በኋላ የሆስፒታሉን መዝገብ ማገላበጥ ጀመሩ። በመንጋጋ፣ በኩላሊት፣ በጉበትና በሌላም ስፍራ የሚወጡትና እያንዳንዳቸው የተለየ በሽታ ይመስሉ የነበሩት ዕጢዎች የአንድ ደዌ ልዩ ልዩ መልክ መሆናቸውን ተረዱና በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ግሪጎሪ ኦኮነርና ጃክ ዴቪስ የደዌውን ጠባይ መርምረው የሊምፍ ሴሎች ካንሰር መሆኑን አስረዱ።

እዚህ ላይ ስለ መዝገብ አንድ ቃል እንጨምራለን። በካምፓላ የመንጎን ሆስፒታል በ1897 ዓ.ም. የመሠረቱት የሚስዮን ሐኪም አልበርት ኩክ የበሽተኞቻቸውን ታሪክ በጥንቃቄ ይጽፉ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ዴቪስና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም አንዱ አፍሪካዊው ሐኪም ራፋኤል ኦዎር ነበሩ፣ የ60 ዓመቱን መዝገብ መርምረው በዚያ አገር የሚታየው የካንሰር ሁኔታ በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ እንዳልተለወጠ አሳይተዋል። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ይህን ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ቡርኪት ቀጥለው የደዌውን ስፍራ ፈለጉ። የሕፃናቱን ፎቶግራፍ የያዘ መጠይቅ አሳትመው በአፍሪካ ወዳሉት የመንግሥትና የሚስዮን ሆስፒታሎች ላኩ፤ መልስ ከመጣበትም ስፍራ ሁሉ በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ቴድ ዊሊያምስና ክሊፍ ኔልሰን ከተባሉ ሁለት የሚስዮን ሐኪሞች ጋራ በአሮጌ መኪና ከካምፓላ ተነሥተው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በ10 ሳምንት ውስጥ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው በየሆስፒታሉ እየገቡ ይህን ዕጢ አይተው እንደ ሆነ ሐኪሞቹን ጠየቁ። ከዚህም የተገኘው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ደዌው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ አይገኝም፤ ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ይህ ወሰን ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የከፍታ ወሰን የመሰለው በእርግጥ የሙቀት ወሰን ነበረ። ዝናብ የሚያንስበትም አገር ደዌውን አያውቀውም።

ደጋንና ቆላን ለይቶ ለሚያውቅ ለአገራችን አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ሙቀትና ርጥበት የሚወስኑት በሽታ ትንኝ የምታመጣው በሽታ ነው። በኢንቴቤ የቫይረስ ምርምር ጣቢያ የነበሩት አሌክሳንደር ሐዶም ይህንኑ አመለከቱ። ከዚህም የተነሣ ዕጢው ትንኝ በምታስተላልፈው ቫይረስ ሳይመጣ አይቀርም የሚል አሳብ በረታ።

በዚሁ ዓመት መጋቢት 22 ቀን ቡርኪት በለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር አድርገው ነበር። ከአድማጮቹ አንዱ በራውስ የዶሮ ቫይረስ ላይ ይሠሩ የነበሩት አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። ኤፕስታይን ወዲያውኑ የዕጢው ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን እንዲላክላቸው ተስማሙ፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ቢደክሙም ምንም አላገኙም። በ1963 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ግን አንድ አውሮፕላን በጉም ምክንያት ወደ ማንቸስተር ዞሮ ዘገየና ናሙናው ደፍርሶ ደረሰ። የተበላሸ መስሎ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ያደፈረሱት ከዕጢው ተላቅቀው በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ ሕያዋን የካንሰር ሴሎች ሆነው ተገኙ። እነዚህን አራብተው በየካቲት 1964 ዓ.ም. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ ቫይረሱን አዩት። ኤፕስታይን፣ የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆኑት በርት አቾንግና አየርላንዳዊቱ ኢቮን ባር በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ግኝታቸውን አሳተሙ። ቫይረሱም ኤፕስታይን ባር ተባለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ የተፈጸመ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቁ እንቆቅልሽ ገና መጀመሩ ነበር። በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ቨርነርና ገርትሩድ ሄንሌ የብዙ ሰዎችን ደም ቢመረምሩ፣ ቫይረሱ በአፍሪካ ቆላ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በአሜሪካም በብዙ ሰው ላይ እንዳለ ተገነዘቡ። በ1967 ዓ.ም. በዚያው ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ረዳት ሞኖኑክሊዮሲስ በሚባለው የትኩሳትና የጉሮሮ በሽታ ታመመች። ከበሽታዋ በፊትና በኋላ የተወሰደው ደሟ ሲነጻጸር የበሽታዋ ምክንያት ይኸው ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። የሚተላለፈውም በትንኝ ሳይሆን በምራቅ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው በዓለም ካሉት አዋቂዎች ከመቶ 90 የሚበልጡት ይህን ቫይረስ ይዘውት ይኖራሉ። ታዲያ ቫይረሱ በየስፍራው ካለ፣ ዕጢው በቆላ ሕፃናት ላይ የበረታው ለምንድን ነው?

መልሱ የተገኘው ወደ ካርታው በመመለስ ነው። ትንኟ ቫይረሱን አታስተላልፍም፤ የምታስተላልፈው ወባን ነው። በተደጋጋሚ በወባ የተያዘ ሕፃን ቫይረሱ የሚኖርባቸው የሊምፍ ሴሎች ያለ መጠን ይራባሉ፤ በቫይረሱ የተያዙትን ሴሎች ተቆጣጥረው የሚያጠፉት ሌሎቹ ሴሎች ደግሞ ይደክማሉ። በዚህ ርቢ መካከል የክሮሞሶም ስብራት ሲደርስና ሚክ የሚባለው ጂን ከስፍራው ሲዛወር ካንሰሩ ይነሣል። ቫይረሱም ከዕጢው በፊት በሰውነት ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ለማረጋገጥ በዩጋንዳ በዌስት ናይል አውራጃ ከ42,000 ያህል ሕፃናት ደም ተወስዶ ተቀመጠ። በ1978 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቀድሞውኑ በቫይረሱ ላይ የተነሣው ፀረ አካል ከፍ ብሎ የታየባቸው ሕፃናት ለዕጢው ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ።

ከዚህ የምንረዳው ቫይረሱ እንደ ዘር፣ የደከመው ሰውነት ደግሞ እንደ ታረሰ መሬት መሆኑን ነው። ይህንኑ እውነት ሌሎች ሐኪሞች በሌላ መንገድ ደረሱበት። በ1960ዎቹ ዓመታት የሌላ ሰው ኩላሊት ተተክሎላቸው የመከላከያ ኃይላቸው በመድኃኒት በተገታ በሽተኞች ላይ የሊምፍ ካንሰር መታየት ጀመረ። በ1975 ዓ.ም. ዴቪድ ፑርቲሎ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በወንዶች ልጆች ላይ ብቻ የሚታይ በውርስ የመጣ የመከላከያ ጉድለት ገለጹ፤ ልጆቹን ይገድል የነበረውም ለሌላው ሰው ቀላል የሆነው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ኤድስ በአሜሪካ በታወቀ ጊዜ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። በካምፓላ በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመውን የካንሰር ማዕከል በመጀመሪያ የመሩት ጆን ዚግለር በዚያ ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ ይሠሩ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በአራት ወንዶች ላይ የቡርኪትን ዕጢ የሚመስል ካንሰር መታየቱን ካሳወቁት ሐኪሞች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በኤድስ በሽተኞች ላይ የበረከተውም የካፖሲ ሳርኮማ ለአሜሪካ ሐኪሞች እንግዳ ቢሆንም ለካምፓላ ሐኪሞች አዲስ አልነበረም፤ በ1961 ዓ.ም. ስለዚሁ ደዌ በዚያው ከተማ የሊቃውንት ጉባኤ ተደርጎበታል። የዚህን ካንሰር ቫይረስ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር በ1994 ዓ.ም. አገኙ። የ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትም እኩሌታው የማኅፀን በር ካንሰርን ቫይረስ ላሳወቁት ለሐራልድ ሱር ሐውሰን፣ እኩሌታው ኤች.አይ.ቪ.ን ላገኙት ለፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ለሉክ ሞንታኜ መሰጠቱ የሁለቱን ጥናት ዝምድና ያስታውሰናል።

ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በቫይረስ የሚመጣ ካንሰር በክትባት ሊከለከል ይችላል፤ አገራችንም በ2018 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት ለልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ለኤፕስታይን ባር ቫይረስ ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም። የቡርኪት ዕጢ በመድኃኒት ሊድን የሚችል ካንሰር ሲሆን፣ በሀብታም አገሮች ከሚያዙት ሕፃናት አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ደዌው በታወቀበት በአፍሪካ ግን የሚድኑት ቁጥር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ናሙናው ከካምፓላ ወደ ለንደን በአንድ ሌሊት ደረሰ፤ ፈውሱ ግን በዚያው ፍጥነት አልተመለሰም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐኪሞቹ ስማቸውን ለደዌውና ለቫይረሱ ሰጥተዋል። መንጋጋቸው ያበጠው ሕፃናት፣ ተሸክመው ያመጧቸው እናቶች፣ መጠይቁን ሞልተው የመለሱት የገጠር ሆስፒታል ሠራተኞች ግን ስማቸው አይነሣም። ይህን የምንለው የሊቃውንቱን ክብር ለመቀነስ አይደለም። የምርምሩ መነሻ በእጃችን ባለ ነገር መሆኑን ለማመልከት ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በየአውራጃው ላይገኝ ይችላል፤ መዝገብ፣ ካርታና በሽተኛውን አገሩን የሚጠይቅ ሐኪም ግን በየትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በየሆስፒታሎቻችን ያሉት አሮጌ መዝገቦች ሳይጠፉ እንዲጠበቁና ለጥናት እንዲውሉ ማድረግ ለእኛ ለተማሪዎችም የሚገባ ሥራ ነው እንላለን።