የታሰረ ክንድ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ስለ አንድ ተረት ጸሐፊ ሐኪም ላውጋችሁ። ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይባላል፤ በጀርመን አገር፣ በሃሌ ከተማ የቀዶ ሕክምና መምህር ነበር። በፈረንጆቹ 1870 ፕሩሲያና ፈረንሳይ ሲዋጉ እሱም ዘመተ። ቀን ከቁስለኛ ጋር ይውላል፤ ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት እየጻፈ ለቤተሰቡ ይልካል። በ1871 ተረቶቹን ሪቻርድ ሌአንደር በሚል የብዕር ስም አሳተማቸው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን በ1881 የጻፈው ነው። ከፋሻ ሲፈታ ጣቱ እንደ ጭልፊት ጥፍር ታጥፎ የደረቀ እጅ አይቷል። ነርቭ ተጭኖ ነው ለሚሉት፣ ‹የለም› አለ፤ ፋሻው ጠብቆ፣ ደም ተከልክሎ፣ ጡንቻው ሞቶ ነው። ይህ ጉዳት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ለልጆች ነው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አጥር ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ሲወድቁ እጃቸውን ዘርግተው መሬት ይመክታሉ። ያኔ ከክርን ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ የሳሳበት ቦታ ላይ ቀጭ! ከፊቱ ደግሞ ትልቁ የክንድ ደም ሥር ያልፋል።

እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ስንት ወለምታ እንደመለሰ አልክድም። ነገር ግን ቀርከሃ ሰንጥቆ ዙሪያውን ጠፍሮ ያስርና ይሄዳል፤ ማታ ክርኑ ያብጣል፤ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። ልጁ ሲያለቅስ ‹ስብራት ነው፣ ቻል አድርገው› ይባላል። ሐኪም ቤት ሲደርስ እጁ ጠቁሮ፣ ከመቆረጥ ሌላ መላ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጄሶም ከጠበቀ ከቀርከሃው አይሻልም፤ ፎልክማን የጻፈውስ ሐኪም ስላሰረው እጅ አይደል?

ዛሬ አጥንቱ ክፉኛ ከተናጋ፣ ሐኪሙ ልጁን በማደንዘዣ ያስተኛና በራጅ እያየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳውን ሳይከፍት፣ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን የብረት ሽቦ ይሰካበታል፤ የኪርሽነር ሽቦ ይሉታል፤ ኪርሽነርም እንደ ፎልክማን ጀርመናዊ ነበር። ጫፉ ከቆዳ ውጭ ይቀርና ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ይሳባል። ሽቦው ከያዘ ክርኑን አጥብቆ ማጠፍም ማሰርም አያስፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ሽቦውም ጣጣ አለው። ክርናችሁ ግድግዳ ሲነካ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁ ነርቭ በውስጠኛው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሽቦ በዚያ ከገባ ሊወጋው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከውጭ በኩል ብቻ ይሰካሉ። አጥንቱ ጠሞ ከገጠመ ደግሞ ክንዱ እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ይጎብጣል። ‹ሲያድግ ይቃናል› አትበሉ፤ የዚህ አጥንት እድገት ከመቶ 80 እጁ ከትከሻ በኩል ነው፣ የክርኑ ጥቂት ነው።

የጎበጠውን ቆርጦ ማቃናት ይቻላል። የሞተ ጡንቻ ግን አይነሳም፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ለስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እናንተ ወላጆች፣ ክንዱ የታሰረ ልጅ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ ከባሰበት፣ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከነጣ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን አላሉለትና በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ውሰዱት።