ሙሴ ኢልግና ካፋ ያልደረሰው ባቡር

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከቦንጋ ወገን ተነሥተን ወደ ዩኒቨርስቲ የመጣን ልጆች ሁላችንም አንድ የጋራ ትዝታ አለን፤ መንገድ። ክረምት ሲገባ የጭነት መኪናው በጭቃ እስከ ሆዱ ይዋጣል፤ ጀንፈል የሞላው ጆንያ ከላይ ተቆልሎ፣ እኛ ከኋላ እየገፋን አድገናል። እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ስናነብ «ካፋ» የምትል ቃል ባልጠበቅንበት ቦታ ዐይናችን ውስጥ ገባች። ደጋግመን አነበብናት። አልተሳሳትንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርች 9 ቀን 1894 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ዐፄ ምኒልክ አልፍሬድ ኢልግ ለሚባል የስዊስ ተወላጅ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ በካፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ። በወረቀቱ መሠረትማ አያቶቻችን ቡናቸውን በፉርጎ መጫን ነበረባቸው!

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ። ዙሪክ ከሚገኘው ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ በኤደን ይነግድ በነበረ በአንድ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል መሐንዲስ ፈልጉልኝ ብለው ላኩ። የሃያ አራት ዓመቱ ጎረምሳ በ1878 ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ ዘይላ ላይ ብዙ ጊዜ ከባከነ በኋላ በ1879 አንኮበር ገባ። የዛሬ ተማሪ በዚያ ዕድሜው የሚያስጨንቀው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው!

አንኮበር ያኔ የንጉሥ መቀመጫ ትባል እንጂ ለዙሪክ ሰው ተራራ ላይ የተንጠለጠለች የገጠር መንደር ነበረች። የጋሪ መንገድ የለም፤ የሚጫነው በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው። መሐንዲሱም እንደ ደረሰ የታዘዘው ድልድይ እንዲሠራ አልነበረም። እንደሚተረከው ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ አሉት። ሰፋላቸው። ቀጥለው ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት፤ እሱንም ሠራ። ተረቱ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ እውነት አለበት፤ ንጉሡ የፈለጉት ዲፕሎማውን ሳይሆን እጁን ነበር። እሱም አላፈረበትም። አማርኛ ተማረ፤ ያውም አስተርጓሚ እስከማያስፈልገው ድረስ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አመጣ፤ የምኒልክ መልክ ያለበት ገንዘብና የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በአውሮፓ እንዲዘጋጁም ደክሟል። ሃያ ስምንት ዓመት ያህል እንዲህ ሲል ኖረ። ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር፤ ሥዕሎቹ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርስቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

በእኛ መካከል ስለዚህ ሰው ስንከራከር አንዳንዱ ወዳጅ ይለዋል፣ ሌላው የቅኝ ገዢዎች መልእክተኛ ይለዋል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ስዊስ ቅኝ ግዛት የላትም፤ ምኒልክም ይህን ዐውቀው ይመስለናል ከጣልያኑም ከፈረንሳዩም ከእንግሊዙም ይልቅ እሱን ያመኑት። ሰውዬው ለጌታው በታማኝነት ሠርቷል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጌታው ያዘዘው ሥራ ለማን ምን አመጣ? አንኮበር ላይ ቆሞ የሚያይና ቦንጋ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

ወደ ፈቃዱ እንመለስ። በማርች 1894 ካፋ የማን ነበረች? ዙፋኑ ላይ የነበሩት ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ናቸው። (ታቶ ማለት ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ናቸውና እኛም አንቱ እንላቸዋለን።) ስለዚህ ሐዲዱ በወረቀት ላይ የተዘረጋው በሰው አገር፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ነው። ጦሩ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቱ፤ የጅማ ሰዎችም ተባበሩ። ካፋዎች በጫካቸውና በጉድባቸው ተመክተው ወራት ሙሉ ተዋጉ። ጋኪ ሸሮቾ በሴፕቴምበር ተያዙ፤ ከዚያም በኋላ አገራቸውን ሳይገዙ በእስር ኖረው ሞቱ። አገሩ ለጦር መሪዎችና ለወታደሮቻቸው ተከፋፈለ፤ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ስንቱም ለባርነት ተነዳ። በአንዳንድ ቦታ ጫካው መንደሩን መልሶ ዋጠው።

ያ ዓመት ጉደኛ ዓመት ነው። በዚያው በ1897 ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት፤ ጋኪ በተያዙ በወሩ፣ በኦክቶበር ደግሞ የሐዲዱ ሥራ ጅቡቲ ላይ ተጀመረ።

የዘውዱ ነገርም አለ። እንደሚተረከው፣ የካፋ ዘውድ ከአገር እስካልወጣ ድረስ መንግሥቱ ተመልሶ ይነሣል የሚል እምነት ነበር። ምኒልክ ዘውዱን ለኢልግ ሰጡት፤ እሱም ወደ ዙሪክ ወሰደው። አስቡት፤ ጦር ያሸነፈውን አገር በባሕር ማዶ ቁም ሣጥን መቆለፍ! የነፍጥ ድል ብቻውን እንዳልበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም። ዘውዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያ ቆይቶ በ1954፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊስን በጎበኙበት ዓመት ተመለሰ። ተመለሰ ማለታችን ግን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ወደ ቦንጋ አይደለም።

ባቡሩስ? በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ተራራው አስቸግሮ ሐረርን ራሷን ትቷት ነው የሄደው፤ እንዲያውም ድሬዳዋ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፣ እንግሊዝና ጣልያን ተቆጡ፣ ምኒልክም ባቡሩ የሌላ መንግሥት መሣሪያ እንዳይሆን ሠጉ። በ1907 ኩባንያው ከሠረ። ኢልግም በዚያው ሰሞን ሥራውን ለቆ አገሩ ገባ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱን ቀጠለው፤ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ኢልግም በ1916 መጀመሪያ ላይ ዙሪክ ውስጥ አርፏል። ሁለቱም የለገሃርን ፉጨት አልሰሙም።

ሦስተኛው ክፍል ግን ወረቀት ሆኖ ቀረ። የእኛ አገር ቡና ሌላ መውጫ ፈለገ። ከ1902 ስምምነት በኋላ እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ፤ ባሮ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ የጎሬን አካባቢ ቡና ይጭን ጀመር። ወንዙ ሲጎድል ንግዱም ይተኛል። ወደ ነጭ አባይ ይደርሳል የተባለው ባቡር ሳይመጣ ቡናው ራሱ በውሃ ወደ ነጭ አባይ ወረደ ማለት ነው!

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ተጫነ። በካፋ ጫካ የተለቀመው ቡና፣ ጎጀብንና ጊቤን ተሻግሮ፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት፣ ጀርባው በተላጠ በቅሎ ለገሃር ደርሶ ነው ፉርጎ ውስጥ የገባው። የኢልግ የሕይወት ታሪክ በአገሩ ቋንቋ ገና በ1918 ታትሟል። የእነዚያን በቅሎ ነጂዎች ስም የጻፈ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመንም፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹ የልጅ ልጆች ዛሬም ሚዛን ተፈሪ ገበያ አሉ፤ ለሚጠይቃቸው የኬላዎቹን ስም በተራ ይቆጥራሉ።