መጀመሪያ ደረሰኙን የጠየቀው

ጆሮ ስጡኝማ፣ የጃናሞራን ነገር ላውጋችሁ። ከደባርቅ የተነሣ መኪና ሳንቃበርን አልፎ፣ ጨነቅን ረግጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በቧሂት ተራራ ጥግ ተሻግሮ ነው ወደ ጃናሞራ የሚወርደው። በዚያ መንገድ ስኳርና ዘይት አስጭነው መካነ ብርሃን ላይ የሚሸጡ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉልኝ። የማንንም ስም አልጠራም፤ እትዬ እንበላቸው።

እትዬ ግብር ይፈራሉ። ቢፈሩም አልፈርድባቸውም። ሐምሌ 2009ን ያየ ነጋዴ ሁሉ ይፈራል። በዚያ ዓመት ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ግምት አወጡ፤ ግምቱ ሲለጠፍ ብዙ አነስተኛ ነጋዴ ደነገጠ። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ቅሬታው ጎረፈ። መዝገብ ያለው መዝገቡን ይዞ ሄደ፤ የሌለው ግን መሐላና እንባ ብቻ ይዞ ነው የቆመው። በዚያን ጊዜ ሕግ የዓመት ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ ሐ ነበርና መዝገብ ያዝ ብሎ የሚያስገድደው አልነበረም። ማስረጃ ያጣውም አንድም በዚህ ነው።

እንግዲህ እትዬ ደባርቅ ወርደው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ እንበል። የመጀመሪያው ሰው ወረቀት እንኳ ሳያይ፣ «አይጨነቁ እማማ፣ ገቢዎች ቤት ሰው አለኝ፤ ግማሹን አስቀንሳለሁ። ካስቀነስኩት ላይ ድርሻዬን ይሰጡኛል» አላቸው። ደስ የሚል ቃል ነው። ግን ልብ በሉ፤ ግብሩ የሚመዘገበው በእትዬ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ውሸት ከተገኘ ቅጣቱ ደጃቸውን ያንኳኳል፤ ያ ሰው ስልኩን ቢያጠፋ ምን ይይዙታል? ድርሻው በቅናሹ ልክ የሆነ ሰው ሽያጭ ለመደበቅ ይፈተናል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለጠላቴም አልመርጥም።

ሁለተኛው ግን «ደረሰኝዎን ይዘዋል?» ብሎ ጀመረ። እትዬ ከመቀነታቸው የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። ግማሹ ነጭ ሆኗል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሙቀትና ፀሐይ ሲነካው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ምድጃ አጠገብ የተሰቀለማ ዓመትም አይቆይ። ሰውየው አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ቀኑን ለማንበብ ታገለ፣ አልሆነለትም። «ከዛሬ ጀምሮ በተቀበሉ ዕለት ኮፒ ያስደርጉት፣ ወይም ልጅዎ በስልኩ ፎቶ ያንሣው። ጅምላ አከፋፋዩ ያለ ደረሰኝ ልቀንስልዎ ቢል እሺ አይበሉ፤ የገዙት መጠን ካልታወቀ የሸጡትን ሌላ ሰው ይገምትልዎታል» አላቸው።

እትዬም የዋዛ አልነበሩም። «አንተስ ወረቀት አለህ?» ብለው ጠየቁት። እሰይ! በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ወኪል ሆኖ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሒሳብና የኦዲት ባለሙያዎችን የሚቆጣጠር ቦርድም በአገር ደረጃ አለ። ፈቃዱን ሲጠይቁት የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ግብሩ በየትኛው ሕግ ይታያል የሚለው፣ ብዙዎች የሚስቱት ነው። የግለሰብ ነጋዴን የንግድ ትርፍ ግብር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ለክልል ነው የሰጠው። የእትዬ ግብር የሚሄደው ለአማራ ክልል ነው ማለት ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ሲሻሻል ደረጃ ሐ ቀርቶ፣ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ ለ እንዲሆንና በዓመታዊ ሽያጩ ላይ እንዲከፍል ተደነገገ። ሰውየው ይህን ከነገራቸው በኋላ፣ «የእርስዎ ግን በክልላችን አዋጅ ነው የሚታየው። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደን ዛሬ የሚሠራበትን በጽሑፍ እናያለን፤ በወሬ አልነግርዎትም» አለ። አዲስ አበባ የሰማውን ሁሉ ጃናሞራ ላይ የሚያውጅ ባለሙያ ስንቱን አሳስቷል!

ዋጋውን ሲጠይቁት ለእሳቸው የሽያጭ መጠን በየወሩ እሱን መክፈል እንደማያስፈልጋቸው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢገናኙ እንደሚበቃ ነገራቸው፤ ለዚያም ቁርጥ ያለ ዋጋ ጠራላቸው። ገበያውን በገዛ አፉ የሚያሳንስ ባለሙያ ብርቅ ነው።

«ግምቱ ቢበዛብኝስ?» አሉ እትዬ።

በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔ ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ የክልሉንም ቀን አብረው እንዲያጣሩ ተስማሙ። ግን ሰውየው ከቀኑ ይልቅ ስለ መንገዱ ነበር አጥብቆ የተናገረው። የነጋዴው ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የግብሩ ሩጫ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲከፋ፣ የቧሂት መንገድ በጭቃና በጉም ሲያዝ ነው። «ስለዚህ ሐምሌን አይጠብቁ፤ ሰኔ ሳይገባ ወረቀቱን ይዘው ይውረዱ። ማስታወቂያው እጅዎ በገባ ዕለት ደግሞ ቀኑን ጽፈው ይደውሉልኝ፤ መንገዱ ቢዘጋብዎት ቅሬታውን እኔ ማስገባት እንድችል ውክልናውን አሁኑኑ እንጨርስ» አላቸው።