ምሳና ማዕርግ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በያዝሁበት ዓመት ምሳዬን የምበላው ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ በነበረች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ነበር። ቤቲቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበራት፤ ጠረጴዛዎቿም ከአምስት አይበልጡም። በደጃፏ ውሃ የተሞላ በርሜል ቆሞ፥ ገቢው ሁሉ እጁን ታጥቦ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር፥ ጎመንም በያይነቱ ይቀርባል፤ በፍስክ ቀን ቀይ ወጥ ይሠራል። ባለቤቲቱን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። እሳቸውም ከጓዳ ሳይወጡ ድምፃችንን ብቻ ሰምተው ማን ምን እንደሚበላ ያውቁ ነበር።

በሰባት ሰዓት ባዶ ወንበር ማግኘት ከባድ ስለ ሆነ፥ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እኔ ግን ይህን ልማድ አልወደድሁትም ነበር። አዲስ ሱፍ ለብሼአለሁ፤ በአቅራቢያውም ሕንጻ ይሠራ ስለ ነበረ የቀን ሠራተኞች ሲሚንቶ የነካው ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ለምሳ ይመጣሉ። አንድ ረቡዕ ቀን፥ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ አንድ ሠራተኛ ከፊቴ ወዳለው ባዶ ወንበር ሲመጡ ባየሁ ጊዜ፥ ቦርሳዬን አንሥቼ በወንበሩ ላይ አስቀመጥሁና «ሰው አለው» አልሁ። ሰው አልነበረውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያን ቦርሳ ያስቀመጠችው የእኔ እጅ ናት፤ ጥፋቴን በቀድሞ ሰዎች ላይ ለመጫን አላስብም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የአገራችንን የገበታ ታሪክ ሳነብ፥ የእጄ ልማድ ከእኔ ዕድሜ የቆየ መሆኑን ተረዳሁ።

በአገራችን ገበታ የሰው ማዕርግ የሚታይበት ቦታ ነበር። በቤት አባወራው ከእንግዳው ጋራ አስቀድሞ ይበላል፤ ልጆችና አሽከሮች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዶሮ ታርዶ 12ቱ ብልት ሲወጣ፥ የትኛው ለማን እንደሚደርስ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል። በቤተ መንግሥትም እንደዚሁ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ግድም ባሠሩት ታላቅ አዳራሽ ግብር ሲገባ፥ አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ መኳንንት በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፤ ቀጥሎ መጋረጃው ይገለጥና ዝቅ ያለው ሹም ይገባል፤ በመጨረሻም ወታደሩ ተራ በተራ እየገባ ይበላል። ጠጁ እንኳ እንደ ጠጪው ማዕርግ ይለያይ ነበር። ሆኖም ይህን ሥርዓት በንቀት ብቻ መመልከት አይገባም። በሺህ የሚቈጠር ሰው ያለ ዋጋ ጠግቦ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ግብዣ ዛሬ ከየት ይገኛል? ነገር ግን የጌታን ግብር የበላ ሰው የጌታው ሰው ነው፤ እንጀራውንም በአገልግሎቱ ይከፍላል።

እንግዳን በነጻ ማብላት ደግሞ የሁሉ ግዴታ ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ካለ፥ ደኻውም ቢሆን ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል። ስለዚህ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ንፉግነት ተቈጠረ። በሰው ፊት አደባባይ ላይ መብላትም ነውር ነው፤ የሰው ዐይን ይፈራልና ጨዋ ሰው ሲበላ ነጠላ ይጋረድለታል።

እንግዲህ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፥ በኋላም ከ1888ቱ የዐድዋ ድል ወዲህ የውጭ አገር መልእክተኛና ነጋዴ ሲበዛባት፥ ይህ ልማድ ችግር ገጠመው። ከሩቅ አገር ለሙግት የመጣው ባለጉዳይ በሶውና ድርቆሹ ባለቀበት ጊዜ የማንን ደጅ ይምታ? ከተማ ማለት ዘመድ የሌለው ሰው የሚኖርበት አገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. እንደ ተሠራ የሚነገርለትን፥ እስከ ዘመናችን በስማቸው የተጠራውን ሆቴል ያቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነው። (ይህ ታሪካዊ ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጐድቷል።) መጀመሪያ ላይ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው ስለ ቀሩ፥ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው፥ በልተው፥ ሒሳቡን ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ንጉሡ ለሰው ሁሉ ግብር የሚያበሉ ሲሆኑ፥ ለበሉበት ከፍለው ሲወጡ ያየ መኰንን ምን ብሎ ይሆን? እኒሁ ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውንም በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል። ገንዘቡም ዐዋጁም ለአንድ ነገር የቆሙ ይመስለኛል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ፓስታውና መኮሮኒው፥ ቡና ቤቱም በየከተማው ተስፋፋ። ትንንሾቹን የሰፈር ምግብ ቤቶች ግን በብዛት ያቆሙት ባል የሞተባቸው፥ ወይም ከገጠር ፈልሰው ልጅ የሚያሳድጉ የአገራችን ሴቶች ናቸው። የቀድሞው ሰው ንፉግነት ያለውን ሥራ እነርሱ መተዳደሪያ አደረጉት። በእነርሱ ቤት መጋረጃ የለም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይበላል፤ ከፍሎ ሲወጣም የማንም ሰው አይደለም።

እኔ ግን ቦርሳዬን መጋረጃ አደረግሁት።

እትዬ ሳህኔን ይዘው ሲመጡ ወንበሩን አዩና፥ «ልጄ፥ ለቦርሳህስ ምን ይምጣለት?» አሉኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሣቀ። ደንግጬ ቦርሳውን ሳነሣ አንድ ተማሪ ፈጥኖ ተቀመጠበት። ሰውዬው በደጃፉ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ነበር። ምሳቸው በቀረበላቸው ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና፥ እንደ አገሩ ወግ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ዘርግተው «እንብላ» አሉኝ። «ይባርክልዎ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አፌ ግን ተያዘ። አንገቴን ደፋሁ።

በልቼ ስወጣ ወደ ጓዳ ጠጋ ብዬ፥ «እትዬ፥ የእሳቸውንም ሒሳብ በእኔ ላይ ይጻፉት» አልሁ። በዚህ ነገር ጥፋቴ የሚሰረዝ መስሎኝ ነበር። እትዬ ቀስ ብለው፥ ሌላው ሰው እንዳይሰማ አድርገው፥ «እሳቸው ከፍለው ነው የሚበሉት፤ ደብተሬ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ሱፌን ለብሼ ወሩን ሙሉ የምበላው በዱቤ ነበር።

ደመወዝ በተቀበልሁ ቀን ዕዳዬን ከፈልሁ፤ እትዬም ስሜን ሰረዙት። ሰውዬውን ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንት ያህል በዚያው ሰዓት ከበሩ አጠገብ እየተቀመጥሁ ጠበቅኋቸው። በስምንተኛው ቀን አንዱን ሠራተኛ ብጠይቀው፥ ግንበኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ ሰፈር መሄዳቸውን፥ አሁን የቀሩት ቀለም ቀቢዎች ብቻ መሆናቸውን ነገረኝ። የሰውዬውን ስም ሊነግረኝ አልቻለም፤ እኔም ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆኑ ስገልጽለት፥ ከልብሳቸው በቀር የማስታውሰው አልነበረኝም።