የሥራ ዝለት

«የሥራ ዝለት» ሲባል በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚለቅ ድካም ሳይሆን፣ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተጠራቅሞ መላ ያላገኘ ጫና የሚያስከትለው የአካልና የመንፈስ መሟጠጥ ማለት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ ከጻፈ ወዲህ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲና ማስላክ ሦስት መለያዎቹን ለይታ አስቀምጣለች፤ እነዚህም የስሜት መሟጠጥ፣ ታካሚን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ እስከ መጥራት የሚያደርስ መራራቅ፣ እንዲሁም የራስን ሥራ ፋይዳ ቢስ አድርጎ ማየት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ሲል በይኖታል።

ይህ ብያኔ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎልቶ ይታያል፤ የመተንፈሻ መሣሪያውን የማስጠንቀቂያ ድምፅ እየተከታተለች መድኃኒት የምትለካው ነርስ፣ አንዱ ታካሚ ባረፈ ማግስት ሌላውን በዚያው አልጋ ትቀበላለችና። አንዷ ሥራ ስትለቅ ሸክሟ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ፣ ዝለት የሠራተኛ ፍልሰትን፣ ፍልሰትም ዝለትን ይወልዳል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በዚህ ክፍል ለአንድ ነርስ ከሁለት በላይ ታካሚ እንዳይመደብ በሕግ ወስኗል። ስለዚህ ዝለትን የነርሷ የጽናት ማነስ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ መፍትሔው የሚጀምረው ከሥራ ድልድሉ ነው።